ስለ ልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ መኪና አመራረጥ

በቤታችን ልብስ የሚታጠበው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ቀኑ የተመረጠበት ምክንያት ሌላ ሳይሆን፥ በሰፈራችን የቧንቧ ውኃ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሰኞ ሌሊት ስለ ሆነ ነው። በዚያ ሌሊት በርሜሉም ጀሪካኑም ሳፋውም ተሞልቶ ያድራል፤ በማግሥቱ ጧት በ1 ሰዓት፥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልብሳችንን ሲያጥቡልን የኖሩት እናት ደጃችንን ያንኳኳሉ። ልጆቻችን «እትዬ» ይሏቸዋልና እኛም በዚህ ጽሑፍ በዚሁ እንጠራቸዋለን።

ባለፈው ክረምት ማገባደጃ የእትዬ ጣቶች በሳሙናው ተሰነጣጠቁ። ሐኪም ቅባት ሰጥቷቸው «ለሦስት ሳምንት ውኃና ሳሙና አይንኩ» ስላላቸው፥ በእነዚያ ሳምንታት ባለቤታችን ራስዋ ከሳፋው ላይ ጐንበስ አለች። እኛም ለማገዝ ያህል አንድ ጋቢ ለመጭመቅ ሞክረን ነበር። አንዱን ጫፍ እኛ፥ ሌላውን ጫፍ የበኵር ልጃችን ይዘን ስንጠመዝዘው፥ ውኃው ከመሬቱ ይልቅ ወደ ሱሪያችን ወረደ። «መኪና ይገዛ» የሚለው ነገር በቤታችን የተነሣው በዚያው ማታ ነው።

እኛ ግን ነገሩን ወዲያው አልተቀበልነውም። ከገንዘቡ ሌላ አንድ የሚከብድ ነገር ነበረበትና ነው። እትዬ በሳምንት በአራት ቤት ያጥባሉ፤ የአራቱ ቤት ገንዘብ የቤት ኪራያቸውና የልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። መኪናው በአንድ በር ሲገባ እሳቸው በሌላው በር የሚወጡ ከሆነ፥ የባለቤታችንን ወገብ ያሳረፍነው በእሳቸው እንጀራ ነው ማለት ነው። ይህን ስንናገር ባለቤታችን ዝም ብላ ሰማችን፤ ከዚያም «ታዲያ ጣታቸው እንዲሰነጠቅ ነው የምንከፍላቸው?» አለችን። ለዚህ ቃል መልስ አላገኘንም። እንግዲህ መልሱን ከገበያ እንፈልገው ብለን ወጣን።

ከነገሩ ጥቂት ፈቀቅ ብንል አንባቢ አይቀየመን። በአብነት ትምህርት ቤት ሳለን ልብሳችንን የምናጥበው ከወንዝ ወርደን በእንዶድ ነበር። የደረቀውን ፍሬ ወቅጠን ከውኃ ስናዋሕደው የሚነሣው አረፋ ዛሬ በየሱቁ ከሚሸጠው ዱቄት ሳሙና አረፋ የሚያንስ አልነበረም። ይህ የድኻ ሳሙና ለዓለም ያተረፈው ነገርም አለ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን ተመለከቱ፤ ከዚህም ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑን ለሊቃውንት አስረዱ። ያ ሁሉ ምርምር የተጀመረው ከልብስ አጣቢ ሴቶች እግር ሥር ነው። ይሁን እንጂ እንዶድ ከመኪና ውስጥ አይግባ። ለእጅ አጠባ የተሠራው ብዙ አረፋ የሚያወጣ ዱቄት ሳሙናም፥ በተለይ በፊቱ ክብ መስተዋት ላለው መኪና አይስማማውም። አረፋው ልብሱን እንደ ትራስ ይደግፈውና መላተሙን ያስቀርበታል፤ ከበዛም በሳሙና መጨመሪያው ሣጥን በኩል ወደ ወለሉ ይወጣል። በማሸጊያው ላይ ለመኪና የሚሆን መሆኑ የተጻፈበትን መርጦ መግዛት ነው።

አሁን ወደ መኪናዎቹ እንመለስ። በገበያ የሚገኙት በሦስት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ባለ ሁለት ገንዳ ነው፤ በአንዱ ገንዳ ይታጠባል፥ በሌላው ይጨመቃል፤ ልብሱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው ግን የሰው እጅ ነው። ሁለተኛው ከላይ ተከፍቶ ልብሱ የሚገባበትና ሁሉንም በራሱ የሚፈጽመው ነው። ሦስተኛው በፊቱ ክብ መስተዋት ያለው፥ ልብሱን በተጋደመ ከበሮ ውስጥ እያነሣ የሚጥለው ነው። ይህ ሦስተኛው ልብስ ሳይጎዳ በማጥራትና ውኃ በመቈጠብ ከሁሉ ይበልጣል። ሰባት ወይም ስምንት ኪሎ ልብስ አጥቦና አለቅልቆ ለመጨረስ ከ40 እስከ 60 ሊትር ያህል ይበቃዋል፤ ከላይ የሚከፈተው ግን ልብሱ እንዲዋኝ ገንዳውን መሙላት ስላለበት ብዙ ጊዜ ከ100 ሊትር ያልፋል። የባለ ሁለት ገንዳው ፍጆታ እንደ አጣቢው ብልኀት ነው። እናቶቻችን በሳፋ እንደሚያደርጉት፥ በአንዱ የሳሙና ውኃ መጀመሪያ ነጩን፥ ቀጥሎ ባለ ቀለሙን፥ በመጨረሻ ካልሲውንና የወለሉን ጨርቅ ማጠብ ይቻላል፤ ሌሎቹ መኪናዎች ይህን አይፈቅዱም።

ብዙ ሰው ስለ ውኃ ሲያስብ ብዛቱን እንጂ ግፊቱን አያስብም፤ እኛም አላሰብንም ነበር። ገዥን የሚያሳዝነው ግን ይህ ነው። በራሳቸው የሚሠሩት መኪናዎች ውኃ የሚቀበሉት በኤሌክትሪክ በሚከፈት ትንሽ ቫልቭ በኩል ሲሆን፥ ይህ ቫልቭ በደንብ እንዲያስገባ ውኃው ገፍቶ መምጣት አለበት። በብዙዎቹ መኪናዎች የመመሪያ መጽሐፍ ላይ ዝቅተኛው ግፊት 0.3 ወይም 0.5 ባር ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። በትምህርት ቤት እንደምናስተምረው፥ የአንድ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ያህል ነው። እንግዲህ ውኃው የሚወርደው ከሮቶ ከሆነ፥ የሮቶው መቀመጫ ከመኪናው ቫልቭ በላይ ከ3 እስከ 5 ሜትር መራቅ ይኖርበታል። እኛም ይህን ካነበብን በኋላ በገመድ ድንጋይ አንጠልጥለን የራሳችንን ለካን፤ 2 ሜትር ከ20 ሆነ። ሮቶው ከብረት ማማ ላይ ስለ ተቀመጠ ከፍ ያለ መስሎን ነበር!

ባለቤታችን ግን የዋዛ ተከራካሪ አይደለችም። «ሰኞ ሌሊት ውኃው ከቧንቧው ሲመጣ ግፊት አለው፤ መኪናው በቈጠርነው ሰዓት በራሱ የሚነሣ ከሆነ እኛ ተኝተን እሱ ይጠብ» አለች። ነገሩ እውነት ነው፤ ብዙዎቹ መኪናዎች ሰዓት ቈጥረው የሚነሡበት ቁልፍ አላቸው። ሆኖም ከቆይታ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ውኃ ብዙ ጊዜ ዝገትና ደለል ይዞ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። በርሜል ውስጥ ያደረ ውኃ ይጠልላል፤ በቀጥታ ወደ ከበሮው የገባው ግን ለክርስትና የተሰፋ ነጭ ነጠላ ላይ ያርፋል። ደለሉም ከቱቦው ጫፍ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ይደፍናታል፤ መኪናው ውኃ አልመጣም ብሎ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በእርስዋ ምክንያት ነውና፥ ባለ መኪና ሁሉ በየጊዜው ፈትቶ ያጽዳት። በዚያ ላይ ቤተ ሰብ ተኝቶ ሳለ ቱቦ ቢወልቅ የሚሆነውን ማሰብ ነው። ባለቤታችን የሌሊቱን ነገር ተወችው፤ የመስተዋቱን ነገር ግን አልተወችውም።

ከውኃው ቀጥሎ ኮረንቲው ነው። ውኃ የሚያሞቅ መኪና በማሞቂያው ብቻ ወደ 2000 ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 9 አምፔር ያህል ነው። የእንጀራ ምጣዱ ለብቻው ከ3000 ዋት በላይ ይስባል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚያስነሣ ቤት ሽቦውን አስቀድሞ በባለሙያ ያስመርምር፤ መኪናውንም በቀጭን ማከፋፈያ ላይ አይሰካ። የምድር ሽቦ በሌለበት ሶኬት ላይ ውኃ የሚይዝ መኪና መትከል ጨርሶ አይገባም። ስንነካው «ትንሽ ይነዝራል» ተብሎ በቸልታ የሚታለፈው ነገር እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር ለቆመ ሰው ትንሽ አይደለም።

ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር እንጨምር። 15 ሊትር ውኃ ከ18 ዲግሪ ወደ 40 ለማድረስ በቆጣሪው ላይ ወደ 0.4 ኪሎዋት ሰዓት ይቈጥራል፤ ወደ 60 ለማድረስ ግን ከ0.7 ያልፋል። ለዕለት ልብስ 30 ወይም 40 ይበቃል፤ 60 ለሕፃን ጨርቅ፥ ለፎጣና ለታመመ ሰው አንሶላ ነው። በአንዳንዱ መኪና ላይ 95 የሚል ቁጥር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች፥ በዚህ አገር ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ያ ቁጥር ለቆላ ሰው ይሁን፤ ተማሪዎቻችን ይህን ሰምተው በጣም ሳቁ።

ስለ ስፋቱ በአጭሩ እንናገር። በመኪናው ላይ የሚጻፈው ኪሎ የደረቀ ልብስ ክብደት ነው። እኛ ቤት ያለውን አንድ ጋቢ በሚዛን ብናስቀምጠው 2 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ውኃ ሲጠጣማ ምን ያህል እንደሚከብድ ከላይ የተናገርነው ሱሪያችን ይመሰክራል። አራት ወይም አምስት ነፍስ ያለበት፥ ጋቢና ብርድ ልብስ የሚያጥብ ቤት ከ7 ኪሎ በታች ባይገዛ ይሻላል። ከበሮውም ሲሞላ ከልብሱ በላይ አንድ እጅ የሚያስገባ ክፍተት መቅረት አለበት፤ ያለዚያ ልብሱ ይዞራል እንጂ አይታጠብም።

ዘመዶቻችን ከውጭ አገር መኪና ሊልኩ ሲያስቡ አንድ ነገር አስቀድመው ይጠይቁ። የአሜሪካ መኪና ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የተሠራ ነው፤ የእኛ ኮረንቲ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ቮልቱን ትራንስፎርመር ያስተካክለዋል፤ ሄርዙን ግን አይለውጠውም። የሳውዲ ዐረቢያም ኮረንቲ 60 ሄርዝ ስለ ሆነ፥ ከዚያ የሚመጣው ዕቃ ጀርባው ላይ «50/60» የሚል ጽሑፍ እንዳለው ይታይ። አንዲት የምናውቃት እናት ልጅዋ ከዋሽንግተን የላከችላት ትልቅ መኪና በሳሎን ውስጥ ጥልፍ ለብሶ የቴሌቪዥን መቀመጫ ሆኗል። እናትየው ግን «ልጄ የላከችው ነው» እያለች ለእንግዳ ሁሉ ታሳያለች፤ ማን ይፈርድባታል?

ማድረቂያውን በተመለከተ ብዙ ገዥዎች የሚሳሳቱ ይመስለናል። ልብስ ከመጨመቂያው ሲወጣ ምን ያህል ውኃ እንደ ቀረበት ማወቅ የመጀመሪያው ነገር ነው። በደቂቃ 1000 ጊዜ የሚሽከረከር መኪና ከደረቀው ልብስ ክብደት ከመቶ 60 ያህሉን ውኃ ያስቀርበታል፤ 1400 የሚሽከረከረው ግን 50 ያህሉን ነው። ሰባት ኪሎ ልብስ በመጀመሪያው 4.2 ሊትር ውኃ ይዞ ይወጣል ማለት ነው። አንድ ሊትር ውኃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚያስፈልገው ኀይል ከ0.6 ኪሎዋት ሰዓት ይበልጣል። ስለዚህ በማሞቂያ ብቻ የሚያደርቅ መኪና ለዚያ አንድ ዙር ቢያንስ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፥ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይበላል። ሙቀቱን ሳይጥል መልሶ የሚጠቀምበት፥ «ሂት ፓምፕ» የሚባለው ዓይነት ግን ከዚህ በግማሽ ባነሰ ኀይል ያደርቃል፤ ዋጋው ሲገዙት ውድ ነው፥ የማድረቂያውም ጊዜ ይረዝማል። እርጥቡን አየር በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ርካሹ ዓይነት ቱቦው በመስኮት ወይም በግድግዳ ካልወጣለት እንፋሎቱን በቤት ውስጥ ይረጨውና ግድግዳውን ያሻግተዋል። ማጠቢያና ማድረቂያ በአንድ ላይ የሆነውም አለ፤ ሻጮች «ስምንት ኪሎ» ሲሉ ስለ ማጠቡ ነው፥ ማድረቁ ብዙውን ጊዜ አምስት ኪሎ ብቻ ነው። ብዙዎቹም እንፋሎቱን ለማቀዝቀዝ ሲያደርቁም ውኃ ይጠቀማሉና በእኛ ሰፈር አይመከሩም።

ማድረቂያው ከሁሉ ይልቅ የማይስማማው የሸማኔ ሥራ የሆነውን ልብሳችንን ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ በሙቀት ይሰበሰባል፤ ነጠላው ያጥራል፥ ጥለቱ ከመካከሉ እኩል ስለማይሰበሰብ ጫፉ ይጨማደዳል። ብናኙም ብዙ ስለ ሆነ ወንፊቱን ይሞላዋል፤ ይህ ብናኝ በየዙሩ ካልተጠረገ ለእሳት አደጋ ምክንያት ይሆናል። ጋቢና ነጠላ በገመድ ላይ፥ ባለ ጥለቱ ተገልብጦ በጥላ ይድረቅ። ይህን የምንለው ማድረቂያን ለመንቀፍ አይደለም። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ገመድ መዘርጊያ ለሌለው፥ መንታ ሕፃናት ለያዘና ከሰኔ እስከ መስከረም ፀሐይ ለማያይ ቤት ቅንጦት አይደለም። እኛ ግን በረንዳ አለንና ከጣራው ክፈፍ ሥር ሁለት ገመድ ጨመርን። በመኪና በደንብ የተጨመቀ ሸሚዝ በነሐሴም ቢሆን በአንድ ቀን ደርቆልናል።

በመርካቶና በቦሌ ብዙ ሱቅ ዞርን። አንድ ሻጭ፥ የትኛው ሱቅ እንደ ሆነ አንናገርም፥ ስለ ውኃ ግፊት ስንጠይቀው «ጌታዬ ይሄ አዲስ ሞዴል ነው፤ ግፊት አይፈልግም» አለን። መመሪያውን ከካርቶኑ አስወጥተን 0.5 የሚለውን ስናሳየው፥ «እሱ ለፈረንጅ ነው» ብሎ መለሰልን። ለሻጭ የሚቀርበው ትልቁ ጥያቄ የውኃ ማውጫ ፓምፑ፥ ቀበቶውና የበሩ ጎማ ቢበላሹ ከየት እንደሚገኙና ማን እንደሚሠራቸው ነው። ዋስትናውም በቃል ሳይሆን ማኅተም ባለበት ወረቀት ይሁን።

ባለ መስተዋቱን የገዛ ሁሉ ደግሞ ከጀርባው ያሉትን የማጓጓዣ ብሎኖች መፍታት አይርሳ። ከበሮው በመንገድ እንዳይናወጥ የሚያስሩት እነዚህ ብሎኖች ሳይፈቱ መኪናው ቢነሣ ምን እንደሚሆን በወንድማችን ቤት አይተናል። ልብሱን ሊጨምቅ በጀመረ ጊዜ መኪናው እየዘለለ ከግድግዳው ተነሥቶ እስከ በሩ ድረስ መጣ፤ ምራታችን ሕፃንዋን ታቅፋ ወደ ግቢ ሮጠች። በውስጡ ያለው የሲሚንቶ ክብደት እንዲያረጋው የተቀመጠ ቢሆንም ከታሰረ ከበሮ ጋር አይታገልም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1937 ቤንዲክስ የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ ለቤት ባወጣው የመጀመሪያ ባለ መስተዋት መኪና ግን መኪናው ራሱ ከወለሉ ጋር በብሎን ይታሰር ነበር፤ ወንድማችን ይህን ስንነግረው ጥቂት ተጽናና።

በመጨረሻ የገዛነው ባለ ሁለት ገንዳውን፥ ባለ 9 ኪሎውን ነው። ውኃ በባልዲ ይቀበላል፥ ግፊት አይጠይቅም፥ አያሞቅምና ኮረንቲው ትንሽ ነው፤ ሰውም ይፈልጋል። ይህን የመጨረሻውን ባለቤታችን እንደ ጉድለት፥ እኛ ግን እንደ ዋና ምክንያት ቈጠርነው። «ቆሞ የሚያሸጋግርለት ሰው ካስፈለገው ምኑን መኪና ገዛነው?» አለች። የሚያሸጋግሩት እትዬ መሆናቸውን ስንነግራት ክርክሩን አቆመች።

እትዬ የመጀመሪያውን ማክሰኞ መኪናውን ዞር ዞር ብለው ተመለከቱትና «ለመሆኑ ይሄ አንገትጌ ያውቃል?» አሉ። እንደ ተናገሩትም አላወቀም። አሁን አንገትጌውንና እጅጌውን ጓንት አድርገው በእጃቸው ያሻሉ፥ የቀረውን ለገንዳው ይሰጣሉ፤ ጋቢውን ብቻውን ይጨምቁታል። ነጠላውን ግን ለመኪናው አሳልፈው አይሰጡም። ከ10 ሰዓት በፊት የማያልቀው ሥራ በ6 ሰዓት ያልቃል፤ ክፍያውን አልቀነስንም። ጣታቸው ድኗል።

ይሁን እንጂ ከሚያጥቡባቸው አራት ቤቶች አንዱ በጥቅምት ባለ መስተዋቱን ገዝቶ አሰናብቷቸዋል። የዚያን ቤት ሰዎች እናውቃቸዋለን፤ ሁለቱም ሥራ የሚውሉ፥ ሮቶአቸውም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ናቸው። በእነርሱ ቦታ ብንሆን እኛም የምንገዛው ያንኑ ነበር። እትዬ በዚያ ቀን ምትክ ሌላ ቤት እስኪያገኙ ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ወደ እኛ እየመጡ ከባለቤታችን ጋር በርበሬ ያዘጋጃሉ። ባለቤታችንም በሥራው መካከል ወደ ሮቶው ቀና እያለች፥ ማማው ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢጨመር 3 ሜትር እንደሚሞላ ታስታውሰናለች፤ ብረት በያጁንም አነጋግራዋለች።